ኢነርሺያ ከየት ይመጣል? ከኒውተን ባልዲ እስከ ስኮትላንድ ጓሮ ያነበብኩት

ሰላም ጓዶች። ሰሞኑን ምን ላይ እንደሆንኩ ለጠየቃችሁኝ ይኸው። ስበትና ኢነርሺያን ምን አገናኛቸው የሚለው ጥያቄ ይዞኝ፣ የፊዚክስ ሰዎች ባለፉት ሦስት መቶ ምናምን ዓመታት ምን ሲሉ እንደኖሩ ከሥር ከሥሩ እየተከታተልኩ ነው። የደረስኩበትን ላካፍላችሁ፣ እናንተም የምታውቁትን ጨምሩበት። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች ነው።

መጀመሪያ ጥያቄው። መጠነ ቁስ (ማስ የምንለው) ፊዚክስ ውስጥ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ስበት ላይ ነው፤ መሬት አንድን ዕቃ በምን ያህል ኃይል እንደምትስበው እሱ ይወስናል። ሁለተኛው ኢነርሺያ ላይ ነው፤ የቆመን ዕቃ ለማስነሳት ወይም የሚሄደውን ለማቆም ምን ያህል መግፋት እንዳለብን እሱ ይወስናል። ሁለቱ ሥራዎች ላይ ላዩን ሲታዩ ምንም አይገናኙም። ስበት በማይሰማበት ጠፈር ላይ አንድ ቶን ብረት ብትገፉ ብረቱ አሁንም እምቢ ይላችኋል። ታዲያ ሁለቱ ቁጥሮች ሁልጊዜ እኩል የሚሆኑት ለምንድን ነው? ትምህርት ቤት ሳለን አስተማሪው ከእኩልታው ግራና ቀኝ ሰረዛቸው፣ "ስለዚህ ከባድም ቀላልም እኩል ይወድቃል" አለ፣ እኛም ገልብጠን አለፍን።

ባነበብኩ ቁጥር እየጠራልኝ የመጣው ነገር፣ እዚህ ጋ ሁለት ጥያቄ ተደራርቦ መቀመጡ ነው። አንዱ "ለምን እኩል ሆኑ?" የሚለው ነው። ሌላው "ኢነርሺያ ራሱ ከየት መጣ?" የሚለው ነው። ብዙ ጽሑፍ የመጀመሪያውን ይመልስና ሁለተኛውንም የመለሰ ያስመስላል። እኔ ሁለቱን ለያይቼ ነው እያነበብኩ ያለሁት፣ ታሪኩም እንደዚያ ሲያዩት በጣም ይጣፍጣል።

ስለ ጋሊሌዮ ብዙ አልልም፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከሱ አንድ ሺህ ዓመት በፊት፣ በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ አሌክሳንድርያ ውስጥ ዮሐንስ ፊሎፖኖስ የሚባል ሊቅ ነበር። ከባድና ቀላል ዕቃ ከአንድ ከፍታ ቢለቀቁ የመውደቂያ ጊዜያቸው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል እንዳልሆነ ጽፏል። በ1971 ደግሞ የአፖሎ 15 አዛዥ ዴቪድ ስኮት ጨረቃ ላይ ቆሞ መዶሻና የጭልፊት ላባ ለቀቀ፣ ሁለቱም አብረው ወደቁ። ቪዲዮው አለ፣ ፈልጋችሁ እዩት።

ኒውተን ላይ ግን ቆም ልበል። ሰውየው ነገሩን በወሬ አላለፈውም፣ ለክቶታል። በ1687 ባሳተመው ፕሪንኪፒያ ሦስተኛ ክፍል ውስጥ እንዴት እንደሞከረው ይተርካል። ሁለት እኩል የእንጨት ሳጥኖች በ11 ጫማ ክር አንጠልጥሎ ፔንዱለም አደረጋቸው። አንዱን እንጨት ሞላው፣ በሌላው ውስጥ እኩል ክብደት ያለው ወርቅ አደረገ። ከወርቁ ሌላ ብር፣ እርሳስ፣ ብርጭቆ፣ አሸዋ፣ ጨው፣ ውኃ፣ ስንዴም ሞክሯል። አዎ፣ ስንዴ! የፔንዱለም ፍጥነት የሚወሰነው ስበቱ ከሚስበውና ኢነርሺያው እምቢ ከሚለው ጥምርታ ነው። ወርቅ ከእንጨት የተለየ ጥምርታ ቢኖረው ኖሮ ሁለቱ ሳጥኖች አብረው ጀምረው ቀስ በቀስ ይለያዩ ነበር። ሳጥኖቹ በመልክም በስፋትም እኩል ስለሆኑ አየሩም እኩል ነው የሚይዛቸው። አልተለያዩም። ከሺህ አንድ የሚሆን ልዩነት ቢኖር ኖሮ ይታይ ነበር ይላል።

ይህን ካነበብኩ በኋላ መሞከር አማረኝ። ወርቅ የለኝም፣ ጨውና ብሎን ግን አለኝ። ሁለት አንድ ዓይነት የዱቄት ወተት ጣሳዎች ወሰድኩ፣ በኩሽና ሚዛን እኩል የመዘንኩትን ጨው በአንዱ፣ ብሎን በሌላው አደረግኩ፣ ከጣሪያ ብረት ላይ 2.5 ሜትር ገደማ አንጠልጥዬ አብሬ ለቀቅኳቸው፣ በስልክ ከጎን ቀረጽኩ። ለመሞከር ለምታስቡ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። ሲባጎ አትጠቀሙ። ክብደት ሲይዝ ይለጠጣል፣ ሁለቱም ደግሞ እኩል አይለጠጡም። ቀጭን የብረት ሽቦ ይሻላል።

ሁለተኛውና ዋናው ብሎኑ ነው። ክብደቱ ከጨው ጋር እኩል ቢሆንም ቦታ አይፈጅም፣ ጣሳው ግርጌ ላይ ይተኛል፤ ጨው ግን ከፍ ብሎ ይሞላል። ስለዚህ ሽቦዎቹ እኩል ቢሆኑም የብሎኑ ፔንዱለም በተግባር ረጅም ነው ማለት ነው። የክብደታቸው መሐል በ2 ሳንቲ ሜትር ቢለያይ በ250 ሳንቲ ሜትር ላይ የርዝመት ልዩነቱ 0.8 በመቶ ነው። የመወዛወዣው ጊዜ የዚያን ግማሽ፣ 0.4 በመቶ ይለያያል። ትንሽ ትመስላለች አይደል? መቶ ጊዜ ሲወዛወዙ ግን ወደ ግማሽ ውዝዋዜ ይራራቃሉ፤ አንዱ ሲመጣ ሌላው ይሄዳል። ይህን ብቻ ያየ ሰው ኒውተንን ጣልኩት ብሎ ሊፎክር ይችላል። መላው ብሎኑን በጨርቅ ጠቅልሎ ጣሳው ውስጥ ከፍ አድርጎ፣ የክብደቱ መሐል ከጨው ጋር በአንድ ቁመት እንዲሆን ማድረግ ነው። ኒውተንም ወርቁን በትክክል የሳጥኑ የመወዛወዣ መሐል ላይ እንዳንጠለጠለው የጻፈው ለዚህ ነው። አንዲት ሐረግ ናት፣ ስታነቧት ታልፏታላችሁ፣ ልፋቱ ሁሉ ያለው ግን እሷ ውስጥ ነው።

እንደዚያ ሲደረግ ሁለቱ ጣሳዎች ውዝዋዜያቸው እስኪደክም አብረው ሄዱ። እኔ የክብደቱን መሐል እርግጠኛ የምሆነው በ5 ሚሊ ሜትር ውስጥ ስለሆነ ልኬቴ ከሺህ ሁለት ያነሰ ልዩነት አያይም። የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሰው በእንጨት ሳጥን ከኔ የተሻለ ለክቷል፣ ምን ይደረጋል።

ግን ልብ በሉ፣ ኒውተን እኩል ናቸው አለ እንጂ ለምን እኩል እንደሆኑ አልነገረንም። ኢነርሺያ ከየት መጣ ለሚለው ደግሞ መልሱ ባልዲው ነው። ውኃ ያለበት ባልዲ በገመድ ይንጠለጠላል፣ ገመዱ በደንብ ይጠመዘዝና ይለቀቃል። መጀመሪያ ባልዲው ሲሽከረከር ውኃው ገና ዝም ብሏል፣ ገጹም ጠፍጣፋ ነው። ቆይቶ ውኃውም ከባልዲው ጋር እኩል ይዞራል፣ ያኔ መሐሉ ይጎደጉድና ዳር ዳሩ ይወጣል። ነገሩ ገብቷችኋል? ውኃውና ባልዲው በፍጥነት በተለያዩበት ሰዓት ምንም የለም። አብረው ሲሄዱ ነው ውኃው የሚጎደጉደው። እንግዲህ ውኃው የዞረው ከምን አንጻር ነው? ከባልዲው አንጻር እንዳልሆነ አየን። ኒውተን "ከኅዋው ከራሱ አንጻር" አለ፤ ከምንም ነገር ጋር የማይገናኝ፣ የማይንቀሳቀስ ፍጹም ኅዋ አለ ብሎ ደመደመ። ፈላስፋው ላይብኒትስ አልተዋጠለትም፣ በ1715 እና 1716 ከኒውተን ደጋፊ ከክላርክ ጋር በደብዳቤ ተሟግቷል። ሌላው ፈላስፋ በርክሌይም በ1721 ተቃወመ። ነገር ግን ሁለቱም በኒውተን ሒሳብ ፋንታ የሚቀመጥ ሒሳብ አላመጡም፣ ክርክሩም እዚያው ላይ ቀረ።

ከዚያ ኤርንስት ማኽ መጣ። ፕራግ ያስተምር የነበረ ኦስትሪያዊ ነው፣ የመካኒክስ መጽሐፉ በ1883 ወጣ። የሚለው ይህን ነው፦ የማይታይ ኅዋ ምን ያደርግልናል፣ የምናየው ውኃው ከከዋክብቱ አንጻር መዞሩን ብቻ ነው። የባልዲው ግድግዳ ብዙ ማይል ውፍረትና የሚያህለው ክብደት ቢኖረው ሙከራው እንዴት እንደሚሆን ማን ያውቃል? ያኔ ምናልባት ባልዲው ብቻውን ዞሮ ውኃውን ሊያጎደጉደው ይችላል። በማኽ መንገድ ካሰብን፣ ሚኒባስ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ከወንበራችን ወደ ፊት የሚወረውረን ነገር መነሻው እዚያ ሩቅ ያሉት ከዋክብት ሁሉ ናቸው። ሲሰሙት ቀልድ ይመስላል። ማኽ ራሱ ግን ከዋክብቱ ይህን በምን መንገድ እንደሚያደርጉት አልነገረንም፣ እሱ ሐያሲ ነበር እንጂ አዲስ ሕግ አላወጣም።

አሁን የምወዳቸው ሰዎች ጋ ደረስን። ኢማኑኤልና ቤኔዲክት ፍሪድሌንደር የሚባሉ ጀርመናውያን ወንድማማቾች። ማኽን አነበቡና ቁጭ ብሎ ከመከራከር ለምን አንሞክረውም አሉ። ውፍረቱ ብዙ ማይል የሆነ ባልዲ ባይኖርም ብዙ ቶን የሚመዝን የሚሽከረከር ብረት አለ። ኢማኑኤል በ1894 ፓይነ በምትባል ከተማ ወደሚገኝ የብረት መዳመጫ ፋብሪካ ሄደ። እዚያ የፋብሪካውን ማሽን የሚያዞር ግዙፍ የብረት መንኮራኩር አለ። ከሱ አጠገብ በቀጭን ሽቦ የሚንጠለጠል፣ በትንሽ ኃይል የሚጠማዘዝ ሚዛን አቆመ። የሚዞረው ብረት አጠገቡ ያለውን ነገር ከከዋክብቱ ትንሽ "ሰርቆ" ወደ ራሱ ሽክርክሪት የሚጎትት ከሆነ ሚዛኑ ይነቃነቃል።

አስቡት እስኪ። የፋብሪካው ወለል ይንቀጠቀጣል፣ ሙቀቱ አየሩን ያንቀሳቅሳል፣ ማሽኑ ይጮኻል፣ ይህ ሰው በዚያ መሐል ትንፋሽ የሚያነቃንቀው ሚዛን ይዞ ቆሟል። እንደምትገምቱት የሚታመን ውጤት አላገኘም፣ ረብሻው ሁሉንም ሸፈነው። እኔም ቁጥሩን ሠራሁት። መንኮራኩሩ 10 ቶን፣ ስፋቱ ከመሐል እስከ ጠርዝ 2 ሜትር ነው እንበል። ዛሬ በምናውቀው የአይንሽታይን ሒሳብ፣ አጠገቡ ያለው ነገር የሚጎተተው የመንኮራኩሩን ፍጥነት ለ1,000,000,000,000,000,000,000,000 አካፍለን በ4 ገደማ ስናባዛው ነው። ከአንዱ ቀጥሎ 24 ዜሮ። ፋብሪካው ቀርቶ የትም ቢሞከር የሚታይ አልነበረም።

ግን ወንድማማቾቹ በ1896 በርሊን ላይ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አሳተሙ፣ እሷ ውስጥ ያለው ሐሳብ ነው ከወንበሬ ያስነሳኝ። የኢነርሺያ ትክክለኛ ሕግ የሚገኘው፣ ኢነርሺያ አካላት እርስ በርስ የሚያደርሱት ተጽእኖ ነው ብለን፣ ስበትም ደግሞ የአካላት ተጽእኖ ስለሆነ፣ ሁለቱን በአንድ ሕግ ሥር ስናጠቃልላቸው ነው ይላሉ። በ1896! አይንሽታይን ያኔ ገና 17 ዓመቱ ነበር። ማኽ ያላደረገውን እነሱ አደረጉት፤ ስበትንና ኢነርሺያን አንድ ላይ አሰሩ። ሁለቱን ጥያቄዎቼን በአንድ ድንጋይ ለመምታት የሞከሩት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች እነዚህ ይመስሉኛል፣ ስማቸውን ግን ስንቶቻችን ሰምተናል? ኢማኑኤል በኋላ ፊቱን ወደ እሳተ ገሞራ አዙሮ ኔፕልስ ውስጥ የእሳተ ገሞራ ጥናት ተቋም መሠረተ።

በ1904 ሙኒክ ውስጥ አውጉስት ፎፕል ተመሳሳይ ነገር በተሻለ መሣሪያ ሞክሯል። እያንዳንዳቸው 30 ኪሎ የሚሆኑ ሁለት መንኮራኩሮች በደቂቃ ከ2,000 ዙር በላይ እያሽከረከረ፣ የመሬት መዞር በሚሽከረከር ዕቃ ላይ የሚያሳየው ምልክት ከዋክብትን በማየት ከሚታወቀው ይለይ እንደሆነ ፈተሸ። ወደ 2 በመቶ በሚደርስ ጥንቃቄ ልዩነት አላገኘም። ጥሩ ሥራ ነው፣ ግን እንደ ወንድማማቾቹ ልቤን አልነካውም።

በሌላ በኩል "እኩል ናቸው ወይ" የሚለውን ልኬት የያዙት ሰዎች በራሳቸው መንገድ እየገሰገሱ ነበር። ቡዳፔስት ውስጥ ሎራንድ ኤትቨሽ ፔንዱለሙን ተወው። ከሽቦ ላይ አግዳሚ ዘንግ አንጠልጥሎ በሁለቱ ጫፍ የተለያየ ቁስ አሰረ። ብልሃቱ ያለው መሬት መዞሯን መጠቀሙ ላይ ነው። መሬት ስለምትዞር እያንዳንዱ ዕቃ በኢነርሺያው ልክ ወደ ውጭ ይገፋል፣ በስበት መጠኑ ልክ ደግሞ ወደ ውስጥ ይሳባል። ሁለቱ ቁሶች ጥምርታቸው ቢለያይ ኖሮ ዘንጉ ይጠማዘዝ ነበር። በ1889 ከ20 ሚሊዮን አንድ ልዩነት እንኳ እንደሌለ አሳየ። ቆይቶም ከፔካርና ከፌኬቴ ጋር ሆኖ ፕላቲኒየም፣ መዳብ፣ እንጨት፣ ውኃ፣ የከብት ሞራ ሳይቀር እየቀያየረ ከ100 ሚሊዮን አንድ አልፏል። ያ ሥራ ሙሉው የታተመው እሱ በ1919 ከሞተ በኋላ፣ በ1922 ነው። ከኒውተን የሺህ አንድ ተነስቶ እዚህ መድረስ ጉድ ነው።

አይንሽታይን። ብዙ የተወራለት ስለሆነ የምታውቁትን አልደግምም። በ1907 በርን የፓተንት ቢሮ ውስጥ ሳለ፣ ከከፍታ የሚወድቅ ሰው ክብደቱ አይሰማውም የሚለው ሐሳብ መጣለት፣ የሕይወቴ ደስተኛ ሐሳብ ይለዋል። ያኔ የኤትቨሽን ልኬት እንኳ እንደማያውቅ በኋላ ተናግሯል፤ እኩልነቱን ሳይጠራጠር ነው የተነሳው። ከዚያ በስምንት ዓመት ውስጥ፣ በ1915፣ ስበት የኅዋና የጊዜ ቅርጽ ሆነ። የሚወድቅ ዕቃ በዚያ ቅርጽ ላይ ቀጥታ መንገዱን ነው የሚሄደው፣ ወርቅ ሆነ ስንዴ መንገዱ አንድ ነው። "ለምን እኩል ሆኑ" የሚለው በዚህ ተመለሰ፣ ምክንያቱም የሚነጻጸሩ ሁለት ነገሮች ከመጀመሪያውም አልነበሩም።

ሁለተኛው ጥያቄስ? እዚህ ላይ ነው አይንሽታይን ሰው ሆኖ የታየኝ። በጣም ፈልጎት ነበር። በ1912 አንዲት አጭር ጽሑፍ ጻፈ፣ የታተመችውም በሕግ ሕክምና መጽሔት ላይ ነው። አዎ፣ ሬሳ በሚመረመርበት ሙያ መጽሔት ላይ! የሕግ ሕክምና ፕሮፌሰር ለነበረው ወዳጁ ለሃይንሪሽ ዛንገር ክብር በወጣ እትም ስለነበር ነው። እዚያ ውስጥ የሚያሰላው፣ በከባድ ክብ ቅርፊት መሐል የተቀመጠ ዕቃ ቅርፊቱ በመኖሩ ብቻ ኢነርሺያው በጥቂቱ እንደሚጨምር ነው፣ ማኽንም በስሙ ይጠቅሳል። በሰኔ 1913 ለማኽ በጻፈለት ደብዳቤ፣ አዲሱ ቲዎሪ ከተሳካ ኢነርሺያ ከአካላት መስተጋብር እንደሚመነጭ ይረጋገጣል ብሎ በደስታ ይነግረዋል። ማኽ በ1916 ሞተ። በ1921 በስሙ በወጣው መጽሐፍ መቅድም ላይ ግን አንጻራዊነትን (የአይንሽታይንን ቲዎሪ) አልቀበልም የሚል ተጽፎ ተገኘ። መቅድሙን ማን ጻፈው የሚለው እስካሁን ያከራክራል።

በ1917 አይንሽታይን የዩኒቨርስን ቅርጽ ዝግ ያደረገበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነበር፤ ከዳር የሚመጣ ተጨማሪ ሁኔታ እንዳይኖር፣ ኢነርሺያ ሁሉ ከቁስ ብቻ እንዲወጣ። በዚያው ዓመት ኔዘርላንዳዊው ደ ሲተር ምንም ቁስ የሌለበት ባዶ ዩኒቨርስ በራሱ በአይንሽታይን እኩልታ እንደሚፈቀድ አሳየው። ባዶው ዩኒቨርስ ውስጥ አንዲት ቅንጣት ብታስቀምጡ ኢነርሺያ አላት። ቁስ ከሌለ ከየት አመጣችው? አይንሽታይን ነገሩን በ1918 "የማኽ መርህ" ብሎ ስም አወጣለት፣ እያደር ግን ተወው። በ1954፣ ሊሞት አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ለፊሊክስ ፒራኒ በጻፈው ደብዳቤ ስለ ማኽ መርህ ጨርሶ ማውራት እንደማያስፈልግ ነግሮታል። ብዙ ቦታ "አይንሽታይን ስበትና ኢነርሺያ አንድ መሆናቸውን አረጋገጠ" ተብሎ ሲጻፍ የሚያናድደኝ ለዚህ ነው። እሱ ራሱ ግማሹን እንዳላገኘው ያውቅ ነበር።

ነገሩን እንደገና ያነሳው በ1953 ዴኒስ ሻማ ነው፤ የፊዚክስ ሊቁ የዲራክ ተማሪ የነበረና በኋላ ሆኪንግን ያስተማረው ሰው። ጽሑፉ ሒሳብ ለማይፈራ ሰው ይነበባል፣ ሞክሩት። መነሻው የኤሌክትሪክ ነገር ነው። ቻርጅ ፍጥነቱን ሲቀይር ሌሎች ቻርጆች ላይ ተጨማሪ ኃይል ያሳርፋል፣ የዚህ ኃይል መጠን ደግሞ በርቀት ሲሄድ የሚቀንሰው ቀስ ብሎ ነው። ስበትም እንዲህ ዓይነት ነገር አለው እንበል ይላል ሻማ። እንግዲህ እኛ ሚኒባስ ውስጥ ሆነን ፍሬን ሲያዝ ከኛ አንጻር መላው ዩኒቨርስ ነው ፍጥነቱን የቀየረው። ያ ሁሉ ቁስ በአንድነት ይስበናል። ኢነርሺያ የምንለው እሱ ነው።

ድርሻውን አሰላሁት፣ በጣም ደስ ይላል። የእያንዳንዱ አካል ድርሻ በመጠነ ቁሱ ይበዛል፣ በርቀቱ ይከፈላል። የቆምንባት መሬት ድርሻዋ ከ10 ቢሊዮን 7 ነው። ፀሐይ ከ100 ሚሊዮን 1። ቅርብ ያለው ሁሉ ምንም ነው። ወደ ሩቅ በሄድን ቁጥር ግን ቁሱ የሚበዛው በርቀት ካሬ ነው፣ ድርሻው የሚቀንሰው በርቀት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሩቁ ያሸንፋል። በአንድ ሜትር ኩብ አምስት ስድስት የሃይድሮጅን አቶም የሚያህል ቁስ ይዘን፣ እስከ 14 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ድረስ ስንደምረው ሦስት አራተኛ ገደማ ይወጣል። መውጣት ያለበት ደግሞ ወደ 1 የተጠጋ ቁጥር ነው! ከ10 ቢሊዮን 7 ተነስቶ ሦስት አራተኛ ላይ መድረስ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን አትቸኩሉ። ዩኒቨርሱ ጠፍጣፋ ከሆነ (የኅዋው አጠቃላይ ቅርጽ ካልታጠፈ ማለት ነው)፣ ልኬቱም እንደዚያ ነው የሚለው፣ ያ ሦስት አራተኛ ከእኩልታው በቀጥታ የሚወጣ ነው፤ በአጋጣሚ የተገኘ ማስረጃ አድርጎ መያዝ አይቻልም። ደግሞም ከዚያ ሁሉ ውስጥ እኛ የምናውቀው ተራ አቶም 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ቢሆንም የሻማ ሐሳብ ውበቱ ሁለቱንም ጥያቄ አንድ ላይ መመለሱ ነው። ኢነርሺያ ራሱ ስበት ከሆነ እኩልነታቸው በራሱ ይመጣል፣ ከየት መጣ ለሚለውም መልስ አለ። ልክ ወንድማማቾቹ እንዳሉት። ችግሩ ሞዴሉ ቀለል ያለ መሆኑ ነው፣ ሻማ ራሱ ሙሉ ቲዎሪ ነው አላለም። በ1961 ብራንስና ዲኪ የማኽን ሐሳብ በሌላ መንገድ ወደ ስበት ሊያስገቡ ሞከሩ። በ2003 ካሲኒ ከተባለችው የጠፈር መንኮራኩር የተገኘው ልኬት ለነሱ ቲዎሪ በጣም ጠባብ ቦታ ነው የተወለት።

በእጅ መሥራት ለምትወዱ የመጨረሻዋን ልንገራችሁ። ኢነርሺያ ከሩቅ ቁስ የሚመጣ ከሆነ፣ ቁስ ወደበዛበት ወደ ጋላክሲያችን መሐል አቅጣጫ ሲገፉና በሌላ አቅጣጫ ሲገፉ ትንሽ ይለያይ ይሆን? ይህን በ1958 ኮኮኒና ሳልፒተር ጠየቁ። ሂውዝ አሜሪካ ውስጥ በቤተ ሙከራ ፈተሸው። ሮናልድ ድሬቨር ግን ስኮትላንድ ውስጥ፣ በወላጆቹ ቤት ጓሮ ነው የሠራው። የመኪና ባትሪ፣ ሽቦ፣ ሊቲየም ያለበት ናሙና፣ እና መግነጢሱን የምትሰጠው ራሷ መሬት። መሬት በዞረች ቁጥር ናሙናው ወደ ጋላክሲው መሐል እየዞረ ይመለሳል፤ ኢነርሺያ አቅጣጫ ቢኖረው ከሊቲየሙ የሚመጣው አንዱ ምልክት ተሰንጥቆ ብዙ ይሆን ነበር። አልተሰነጠቀም። ከጓሮ የተገኘው ይህ ልኬት በዘመኑ ከነበሩት እጅግ ጥንቁቅ ልኬቶች አንዱ ነው። ድሬቨር በኋላ የስበት ሞገድ ያገኘውን፣ ላይጎ የተባለውን የምርምር ጣቢያ ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። ውጤቱ የማኽን ሐሳብ ይገድላል ወይ በሚለው ላይ ዲኪ ተከራክሯል፣ ሁሉም ነገር እኩል ከተነካ ልዩነቱ አይታይም ነው የሚለው። እኔ ዲኪ ልክ ነው እላለሁ፣ የማትስማሙ ጻፉልኝ።

የቅርቡን በአጭሩ። ፍሪድሌንደር በፋብሪካ የፈለገው መጎተት በመጨረሻ ተገኝቷል፣ መንኮራኩሩ ግን መሬት ራሷ ነበረች። በ2004 የተላከችው ግራቪቲ ፕሮብ ቢ የተባለች ሳተላይት የፒንግ ፖንግ ኳስ የሚያካክሉ የኳርትዝ ሉሎች እያሽከረከረች ለካች፣ ውጤቱ በ2011 ወጣ። አንድ ዲግሪ ለ3.6 ሚሊዮን ቢከፈል፣ ቲዎሪው በዓመት 39.2 ክፍል ይላል፣ እሷ 37.2 አገኘች፣ የስሕተት ወሰኑ 7.2 ነው። እኩልነቱን ደግሞ የፈረንሳይዋ ማይክሮስኮፕ ሳተላይት በታይታኒየምና በፕላቲኒየም ፈትሻ በ2022 ከሚሊዮን ቢሊዮን ጥቂት በሚሆን ጥንቃቄ ልዩነት የለም አለች። የመጀመሪያው ጥያቄ ልኬት እንግዲህ እዚህ ደርሷል። ሁለተኛው ግን ፍሪድሌንደሮች ከተዉት ቦታ ብዙ የተራመደ አይመስለኝም።

ቀጥሎ የማስበው ኤትቨሽ ዓይነት ሚዛን በትንሹ መሥራት ነው። እሱ የለካውን ለመድረስ አይደለም፣ ሽቦው እንዴት እንደሚጠማዘዝ በዓይኔ ለማየት ያህል ነው። ለዚያ በጣም ቀጭን የተንግስተን ሽቦ ያስፈልገኛል። በድሮ አምፖል ውስጥ ያለው እንደ ጸጉር የተጠቀለለ ስለሆነ ቀጥ አይልልኝም። የት እንደሚሸጥ የምታውቁ፣ ወይም ከአሮጌ መሣሪያ ያወጣችሁት ያላችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ። ርዝመቱ ከ40 ሳንቲ ሜትር ካላነሰ ይበቃኛል።